ቅመማችንን ከእርጥበትና ከጨው እንጠብቅ

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የየቤቱ ደጅ በስጥ ይሞላል። በርበሬው ሰሌን ላይ ይዘረጋል፤ በሶብላው በእስር በእስር ይንጠለጠላል፤ ድንብላሉና አዝሙዱ በሰፌድ ይበጠራል። የዓመቱ በርበሬ፣ ሽሮና መከለሻ የሚሰናዳበት ወቅት ነው።

ይህ ሥራ የባልትና እንጂ የጤና ጉዳይ ተደርጎ ብዙም አይነሳም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሰናዳ በርበሬ ወይም ሽሮ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ የሚመገበው ነው። አሠራሩ ላይ ጉድለት ካለ ጉድለቱም ዓመቱን ሙሉ አብሮ ይበላል። በዛሬው ዝግጅታችን ቅመማ ቅመምን በቤት ውስጥ አድርቆና ቀምሞ ለማስቀመጥ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛው እርጥበት ነው፤ ሁለተኛው ጨው ነው። ሁለቱም ከቅመሙ ዕቃ ውጭ መቆየት አለባቸው።

ከደጋም ከቆላም

አካባቢው ለቅመም የታደለ ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ ጀምሮ እስከ አባይና በሽሎ ሸለቆዎች ድረስ ውርጩም ሙቀቱም አለ። ጦስኝ የደጋ ተክል ነው፤ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች እንደ ልብ ይበቅላል። ድንብላል፣ አብሽ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ የወይና ደጋ ሰብሎች ናቸው። በሶብላ፣ ኮሰረትና ጤና አዳም ከጓሮ አይጠፉም። ኮረሪማና ጥምዝ ደግሞ ከደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል በነጋዴ እጅ ይመጣሉ።

እነዚህ ቅመሞች ወጡን ያጣፍጣሉ፤ መዓዛ ይሰጡታል። ለጤና የሚሰጡት ትልቁ ጥቅምም እዚሁ ላይ ነው። ጥሩ መዓዛ ያለው ወጥ ብዙ ጨውና ብዙ ቅባት ሳይፈልግ ይበላል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ቅመሙ በደንብ የደረቀና ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው።

እርጥበት የሚጠራው መርዝ

በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ወይም ቅመም ሲከማች ሻጋታ ያበቅላል። ከሻጋታዎቹ መካከል አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በዓለም ላይ ትኩረት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ ካለቁ በኋላ ነው። ምክንያቱ ሲጣራ የተመገቡት የለውዝ ፋጉሎ ሻጋታ የነካው ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ በተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ዋነኛው የጥቃቱ ዒላማ ጉበት ነው። የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። ከበርበሬው ናሙና ከመቶ 13 ያህሉ፣ ከሽሮው ደግሞ ከመቶ 8 ያህሉ አፍላቶክሲን ተገኝቶባቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬና በሌሎች ቅመሞች ላይ በኪሎ ግራም ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ጠቅላላ አፍላቶክሲን እንዳይገኝ የሚከለክለውም በዚህ ምክንያት ነው። ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ብዙ ሰው «ሲቁላላና ሲፈላ ይጠፋል» ብሎ ያስባል። አይጠፋም። አፍላቶክሲን የሚፈርሰው ከ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ነፋስ መውጫ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወጡ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ እንኳ መርዙን አይነካውም። ማመስም ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። በዓይን መለየትም አስቸጋሪ ነው፤ ሻጋታው ተጠርጎ ወይም ታጥቦ ቢጠፋ መርዙ ከውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ የሻገተ ዛላ ሲገኝ አጥቦ መልሶ ማስጣት መፍትሔ አይደለም። «ሲፈጭ አይታወቅም» ብሎ ከጥሩው ጋር መቀላቀልም ጥሩውን ማበላሸት ነው። ለዶሮና ለላም መስጠትም አይገባም። ላሟ የተመገበችው መርዝ በወተቷ በኩል ወደ ልጆች ይመለሳል። መፍትሔው አንድ ነው፤ መጣል ወይም መቅበር።

እንዴት እናድርቅ?

*በርበሬ።* ዛላው ሲገዛ ቀይ፣ ሙሉና ያልተሰነጠቀ ይሁን። ነጭ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለበት፣ የእርጥበት ሽታ የሚሸት አይገዛ። ስብርባሪው ዋጋው ቢቀንስም ሻጋታ በቀላሉ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው። ከተቀነጠሰ በኋላ በስሱ ተዘርግቶ ይሰጣ፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይገላበጥ። ስጡ መሬት ለመሬት ከሚሆን በቆጥ ወይም በአልጋ ላይ ቢዘረጋ ከሥር ነፋስ ያገኛል፤ ከዶሮና ከአቧራም ይርቃል።

በደጋው ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ጤዛና ውርጭ ነው። ቀን የደረቀው ሌሊት ውጭ ካደረ ጠዋት እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ይግባ፤ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይውጣ። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደውን የመሰለ አውራ መንገድ ዳር ላይ፣ አስፋልቱ ስለሚሞቅ ብቻ ማስጣት ግን አይመከርም። የመኪና ጢስ፣ ዘይትና የከብት እዳሪ አብሮ ይገባል።

*ቅጠላ ቅጠሎች።* ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጤና አዳም ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይቆረጡ። በንጹሕ ውኃ ታጥበው ውኃቸው ይራገፍ። ከዚያም በትንሽ በትንሹ ታስረው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይንጠለጠሉ። እነዚህን በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማስጣት መዓዛቸውን የሚሰጠውን ዘይት ያተናል፤ ቀለማቸውንም ያነጣል። ከምድጃ በላይ ማንጠልጠልም አይበጅም። ጢሱና ጥላሸቱ ለጤና የማይስማሙ ነገሮች አሉበት።

*ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል።* ውኃቸው ብዙ ስለሆነ ለብቻቸው ተልጠውና በስሱ ተከትፈው ይድረቁ። በብዙ ቤቶች በርበሬው ከነዚህና ከእርጥብ በሶብላ ጋር ተደልዞ ታፍኖ ይቀመጣል። ጣዕሙ የሚወደድ ቢሆንም ለሻጋታ በጣም የሚያጋልጠው ደረጃ ይህ ነው። መደለዙ የግድ ከሆነ ታፍኖ የሚቆየው ከአንድ ሌሊት ባይበልጥ፣ በማግስቱም በስሱ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ድረስ ክትትል ባይለየው ይመረጣል። ሰማዩ ደመና ከሆነ ሥራውን ማስተላለፍ ይሻላል።

መድረቁን ለማወቅ ቀላል መንገዶች አሉ። የደረቀ የበርበሬ ዛላ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንኳኳል፤ ሲታጠፍ ሳይለመጥ ይሰበራል። የደረቀ ቅጠል በጣት ሲታሽ ወዲያው ይደቃል። የሽንኩርትና የዝንጅብል ቅንጣቢም ተሰባሪ መሆን አለበት። ለማረጋገጥ ጥቂት ቅመም በደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ተከድኖ ሞቅ ባለ ቦታ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጥ። በጠርሙሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ላቦት ከታየ ቅመሙ አልደረቀም፤ ተመልሶ ይሰጣ።

ከማመስ እስከ ማስቀመጥ

በርበሬ ሲታመስ የሚነሳው ጢስ ዓይንና የመተንፈሻ አካልን ክፉኛ ይቆጣል። አስም ያለበትን ሰው ለአደጋ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ማመሱ በር በተከፈተበት ወይም ከቤት ውጭ ይሁን፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ይራቁ። ሲቀነጠስና ሲወቀጥ እጅን በጓንት ወይም በንጹሕ ፌስታል መሸፈን፣ ፊትን አለመንካት ያስፈልጋል። እጅን ካቃጠለ በውኃ ብቻ አይለቅም፤ አስቀድሞ ዘይት ቀብቶ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ይረዳል።

ወፍጮ ቤት ሲኬድ ከእኛ በፊት ምን እንደተፈጨ መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው። የታመሰውም የተፈጨውም ቅመም ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይከደን። ትኩስ ዱቄት ሲታፈን እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ይመለስበታል፤ በደንብ የደረቀ ቅመም በዚህች ስህተት ብቻ ሊሻግት ይችላል።

ለማስቀመጫ ክዳኑ የሚገጥም ደረቅ ጠርሙስ ወይም ጣሳ ከፌስታል ይሻላል። ዕቃው ከምድጃና ከፀሐይ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ቅመም በሚፈላ ድስት ላይ ከዕቃው አይነስነስ፤ እንፋሎቱ ይገባበታል። እርጥብ ማንኪያም አይገባበት። ከተቻለ ለዓመት የሚሆነውን አንድ ጊዜ ከመፍጨት ፍሬውን እንዳለ አስቀምጦ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚሆነውን ብቻ መፍጨት ይመረጣል። ፍሬ ከዱቄት ይልቅ መዓዛውን ጠብቆ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ነቀዝን ለመከላከል ተብሎ ፎስቶክሲንን የመሰለ የጎተራ መድኃኒት በቅመም ወይም ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ሊገድል ይችላል። ነቀዝን የሚከላከለው በደንብ ማድረቅና በደንብ መክደን ነው።

ጨው ለምን ከቅመሙ ይለይ?

በርበሬና ሽሮ ሲሰናዱ ጨው አብሮ የመፍጨት ልማድ አለ። ለጣዕም ያህል ብቻ ሳይሆን «እንዳይበላሽ» ተብሎም ነው። ይህ ልማድ ሁለት ጉዳት አለው።

የመጀመሪያው ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል። ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ታዲያ ሐኪም «ጨው ይቀንሱ» ያላቸው አባት ወይም እናት የሚመገቡት ከልጆቻቸው ጋር ከአንድ ድስት፣ ከአንድ መሶብ ነው። ወጡ ላይ ጨው ባይጨመር እንኳ በርበሬው ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ማውጣት አይቻልም። ምን ያህል እንደገባም አይታወቅም። ቅመሙ ጨው አልባ ከሆነ ግን ለታማሚው ወጡ አስቀድሞ ወጣ ይደረግና ለቀሩት በመጨረሻ ጨው ይጨመራል። አንድ ድስት ለሁሉም ይበቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ከአዮዲን ጋር የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ ተራራማ አካባቢዎች አፈሩ በዝናብና በጎርፍ ስለሚታጠብ በሰብሉ ውስጥ አዮዲን እምብዛም አይገኝም። የእንቅርት በሽታ በደጋው የተለመደ ሆኖ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። እጥረቱ አንገት ላይ ከሚታየው እብጠት ያለፈ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሲያጋጥም የፅንሱን አንጎል ዕድገት ይጎዳል፤ ጽንስ እንዲጨናገፍም ሊያደርግ ይችላል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን ያስፈልጋታል። ይህን ለማዳረስ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ተደርጓል።

አዮዲን ግን ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት ያባክኑታል። አዮዲን ያለውን ጨው ከበርበሬ ጋር አስጥተን፣ አምሰን፣ ለወራት አስቀምጠን፣ ኋላም አቁላልተን ስንበላ ጨውነቱ ይቀራል፤ አዮዲኑ ግን ይቀንሳል። ለጨው ከፍለን አዮዲኑን ለፀሐይ እንሰጣለን ማለት ነው። ስለዚህ አዮዲን ያለው ጨው ለብቻው ተከድኖ ይቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። አሞሌ ጨው አዮዲን ስለሌለው ለከብት እንጂ ለቤተሰብ ምግብ አይመከርም። ቅመሙም እንዳይበላሽ የሚያደርገው መድረቁ ነው። እንዲያውም ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ ላልቶ የተቀመጠ ቅመምን ያረጥበዋል።

ጨው አልባ መከለሻ

ለአልጫ፣ ለድንች ወጥ፣ ለጎመንና ለሽሮ የሚሆን፣ ጨውም በርበሬም የሌለበት መከለሻ በቀላሉ ማሰናዳት ይቻላል። መለኪያው የሾርባ ማንኪያ ነው፦

- የደረቀ ጦስኝ 4
- የደረቀ ኮሰረት 2
- የደረቀ በሶብላ 2
- ድንብላል 2
- ነጭ አዝሙድ 1
- ጥቁር አዝሙድ 1
- የተፈለፈለ ኮረሪማ 1
- ደርቆ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት 2
- ደርቆ የተፈጨ ዝንጅብል 1

ድንብላሉ፣ አዝሙዶቹና ኮረሪማው ተለቅመው በለሰለሰ እሳት ሽታቸው እስኪወጣ ብቻ ይታመሳሉ። ቅጠሎቹ አይታመሱም። ፍሬዎቹ ከቀዘቀዙ በኋላ ተወቅጠው ከቅጠሎቹ፣ ከሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ይደባለቃሉ፤ በወንፊት ተነፍተው በጠርሙስ ይከደናሉ። ያሰናዱበትን ቀን በወረቀት ጽፎ መለጠፍ መቼ እንደሚታደስ ለማወቅ ይረዳል። ለአራትና ለአምስት ሰው ወጥ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሮ ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል። ጨው የቀነሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጡ አልጫ ሊሆንበት ይችላል። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ ስለዚህ ጨውን በአንድ ጊዜ ከማቆም ደረጃ በደረጃ መቀነስ ይቀላል።

ከገበያ ሲገዛ

በቤት የማዘጋጀት ሌላው ጥቅም ከባዕድ ነገር መዳን ነው። በርበሬ ውስጥ ቀይ አፈርና የሸክላ ዱቄት ቀላቅለው የሚሸጡ ሰዎች በተለያዩ ከተሞች መያዛቸው ተደጋግሞ ተዘግቧል። ችግሩ በሌላውም ዓለም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ ሱዳን 1 በተባለ የኢንዱስትሪ ቀለም የቀላ የበርበሬ ዱቄት የገባባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ምግቦች ከገበያ ተሰብስበዋል። በባንግላዴሽ ደግሞ እርድን ለማቢጨት እርሳስ ያለበት ቀለም ይጨመርበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። መንግሥት ቁጥጥርና ቅጣት ካጠበቀ በኋላ ድርጊቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከገበያው ጠፍቷል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቅመምን በዱቄትነቱ ሳይሆን በዛላውና በፍሬው መግዛት ነው። ዛላ ሲሻግት ይታያል፤ ዱቄት ግን ይሸሽጋል። ከመጠን በላይ የደመቀ ቀለምና ከገበያው እጅግ ያነሰ ዋጋም ጥርጣሬ ሊያሳድሩብን ይገባል።

ቅመም የመድኃኒት ምትክ አይደለም

ቅመሞቻችን ለብዙ ሕመም መፍትሔ እንደሆኑ ይነገራል። በምግብ መጠን መጠቀም ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም፤ በብዛት መውሰድ ግን ሌላ ነው። አብሽ የደም ስኳርን ሊቀንስ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን ስለሚያነሳሳ ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። እርጥብ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ሊቃጠልና ውኃ ሊቋጥር ስለሚችልም ሲቆርጡትና ሲያስሩት እጅን መሸፈን፣ ከዚያም በሳሙና መታጠብ ይገባል። የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም መከለሻውን በመድኃኒቱ ምትክ አይውሰድ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው።

«በርበሬ ጨጓራ ይልጣል» የሚለው አባባልም ማብራሪያ ይፈልጋል። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ቁስለት በአብዛኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ እንደሚመጣ በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሌላው ዋነኛ ምክንያት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዘወተሩ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ ቁስለቱን ባያመጣም ያለበትን ሰው ሕመም ሊያባብስ ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ከላይ የተጠቀሰው መከለሻ አማራጭ ይሆነዋል። ምርመራና ሕክምናው ግን አይቀርለትም።

በመጨረሻም ስለ ሽሮ አንድ ቃል። በጎንደር አካባቢዎች ጓያ ለሽሮና ለክክ ይውላል። ጓያን ዋና ምግብ አድርጎ ለወራት መመገብ እግርን ሽባ የሚያደርግ፣ የማይድን ሕመም ያስከትላል። በሽሮ ውስጥ የገባ ቅመም መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ለምጥን ሽሮ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ይመረጡ። እጥረት ሲያጋጥምም ጓያውን ብቻውን ከመብላት ከእህልና ከሌሎች ጥራጥሬዎች ጋር መቀላቀል፣ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ጉዳቱን ይቀንሳል።

ውድ አንባቢያን፣ የባልትና ሙያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሀብት ነው። በዚያ ላይ የምንጨምረው ጥቂት ጥንቃቄ ብቻ ነው። ቅመማችን ይድረቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ ይከደን፤ ጨዉም ለብቻው ይቀመጥና በመጨረሻ ይግባ። ይህን ካደረግን የዓመቱ ስንቃችን ለጣዕምም ለጤናም ይሆናል።